ቀበሌያችን ፊልሙን ያረመ ዕለት

ሰው ተሰብስቦ ሲጨዋወት «መጽሐፉ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?» የሚባል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ለሌላው ሰው የሻይ ላይ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ሲነሳ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አያለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳብ ሰጥቶ፣ ሐሳቡ ተነቅፎ፣ ድምፅ ተሰጥቶበትና ቃለ ጉባኤ ተይዞበት የሚያውቅ ሰው በኢትዮጵያ ምድር ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ የሆነው ሆሳዕና ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ሦስተኛው ሰብሳቢ ይሆን በነበረበት ዘመን።

ያኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ትውልዴ ሰሜን ሸዋ ነው፤ ሆሳዕና የደረሰችኝ በዕጣ ነው። መናኸሪያው ላይ ስወርድ ሻንጣዬን የተሸከመልኝ ሰውዬ «ለስንት ጊዜ ነው የመጣኸው?» ቢለኝ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብዬ በኩራት መለስኩለት።  ሰውየው ሻንጣውን የሚወርድ ዕቃ ሳይሆን የሚመለስ ዕቃ አድርጎ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ያዘው። አስተማሪ ከሰሜን ይመጣል፣ የዝውውር ፎርም ይሞላል፣ ይሄዳል፤ ይህን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል።

የአንድ ዓመት ዕቅዴን ያበላሸችው ማርታ ናት። ማርታ የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ነበረች። ጉንፋኔ ወደ ደረቴ ወርዶ ፔኒሲሊን ታዘዘልኝና የወጋችኝ እሷ ናት። ፍቅር በዚያ አኳኋን፣ ሱሪን ዝቅ አድርጎና ግድግዳ አቅፎ መጀመሩ ለወንድ ልጅ የሚያኮራ አይደለም። ቢሆንም ፔኒሲሊኑ ሲያልቅ አዘንኩ። ሌላ በሽታ ብፈልግ አጣሁ፤ ሆሳዕና አየሯ ጤነኛ ነው። ስለዚህ በሽታውን ትቼ ቤታቸው መሄድ ጀመርኩ።

ቤታቸው ማለት የአባቷ የጋሽ ሄራሞ ቤት ነው። ጋሽ ሄራሞ የሞርሲቶ ተወላጅ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ገበሬና የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው እንደ ብዙዎቹ ታሽጎ ስለነበር እሁድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ይጠፋቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን እሁድ እሁድ ወይ የተናገሩ ወይ ያዳመጡ ሰው ናቸው፤ በድንገት ዝም በሉ ሲባሉ ጆሯቸው ራበው። የመጀመሪያው እሁድ ስገባ ቆጮና አይብ ቀረበልኝ፣ በላሁ። ጨዋታውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«መምህር፣ ፈረንጆቹ በመጽሐፋቸው ምን ይጽፋሉ?»

ቦርሳዬ ውስጥ ከአብዮቱ በፊት ያስተማሩ ፈረንጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትተዋት የሄዱ አረንጓዴ ሽፋን ያላት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ከመቶ ዓመት በፊት፣ እንግሊዞች ዕድሜዋ በረዘመላቸው ንግሥት ዘመን የተጻፈች፣ ረጅም ልቦለድ ለመባል ያነሰች፣ አጭር ለመባል የከበደች ዓይነት ናት። ታሪኳ ቀላል ነው። ሚስተር ዶብል የሚባል ግትር ባለወፍጮ አለ፤ ዓይኑ እየደከመ ነው። ኤለን የምትባል ልጅ አለችው። ሚስተር ክሪብ የሚባል አጭርና ራሰ በራ አስተማሪ ከሌላ አውራጃ ተመድቦ ይመጣና ማታ ማታ ለሽማግሌው ያነብለታል። ወንዙ ሲሞላ አስተማሪው ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ ከጎርፍ ያወጣዋል። ኤለንን ያገባል። ከዚያች መንደር ሳይወጣ እዚያው አርጅቶ ይሞታል። በቃ፣ ይኼው ነው።

ይህን አሁን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳችሁ። ለጋሽ ሄራሞ ግን ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ነው የነገርኳቸው። መጽሐፉ ካለቀ እሁድ እሁድ ምን ብዬ እመጣለሁ? ስለዚህ ሚስተር ዶብል ቁርስ ለመብላት አንድ ሙሉ እሁድ ፈጀበት። የወፍጮው ድንጋይ ከየት ተፈልፍሎ እንደመጣ ደራሲው አልጻፈም፤ እኔ ግን ድንጋዩን ከነኮረብታው አመጣሁላቸው። ማርታ ማጀት ውስጥ ሆና እየሰማች ትስቃለች። አባቷ አይስቁም፤ እሳቸው ይጠይቃሉ።

«ወፍጮው በናፍታ ነው?»

«በውሃ ነው፣ ጋሽ ሄራሞ።»

«ታዲያ ውሃ አፍ ላይ ቤቱን የሠራ ሰው ጎርፍ ሲመጣ ምን ያስደነግጠዋል?»

ይህን ደራሲውም አላሰበበት፤ እኔ ቆጮዬን መጉረስ ቀጠልኩ።

በመጨረሻ፣ የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ እሁድ፣ መጽሐፉ እንዳይጨረስ የማደርገው ነገር አለቀብኝና ጨረስኩት። ጋሽ ሄራሞ የምድጃውን እሳት ቆሰቆሱ።

«አስተማሪው ወደ አገሩ አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም።»

«ዝውውርም አልጠየቀም?»

«አልጠየቀም።»

«እንዲህ ያለ ሰው በሬን ቢያንኳኳ አልከለክለውም» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት በእግሬ ይሁን በሌላ ነገር አላስታውስም። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ የሚሆኑኝን ሰዎች ለመንኩ፣ እሺ አሉኝ፣ ለቀጣዩ እሁድ ቀን ተቆረጠ። ፍርሃቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ሄራሞ ፍርሃት። ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ልጃቸውን አግብቶ፣ ወይ ሳያገባ፣ ዝውውሩ ሲደርስ አውቶቡስ ላይ ይወጣል የሚል። ያን ፍርሃት ያበረደልኝ ሚስተር ክሪብ ነው። ሰውየው ከመቃብሩ ሆኖ ዋስ ሆነልኝ ማለት ይቻላል።

ሁሉም ነገር እንዲህ በተስተካከለበት ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ የፊልሙ መኪና ከአዲስ አበባ መጣ።

ትምህርት ቤታችን ለእንግሊዝኛ ትምህርት የሚረዳ ፊልም እንዲላክለት ጠይቆ ነበር፤ መቼ እንደጠየቀ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ላንድሮቨሩ ጄኔሬተርና ማሳያ መሣሪያ ጭኖ፣ ኦፕሬተሩ የፊልሙን ጣሳዎች አውርዶ ሲያሳየኝ በጣሳው ላይ የተለጠፈውን ርእስ አነበብኩና ጮቤ ረገጥኩ። የእኔው መጽሐፍ ናት፤ ያቺው አረንጓዴዋ። ሮጬ ለማርታ ነገርኳት።

«ፊልሙን አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ።

«መጽሐፉን አውቀዋለሁ። ፊልሙም ያው ነው።»

«ያው መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ርእሱ አንድ ነው።»

ማርታ መርፌ ከመውጋቷ በፊት የምታይበት ዓይን አላት። በዚያ ዓይን አየችኝ።

የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ጠባብ ስለነበሩ የቀበሌውን አዳራሽ ጠየቅን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተክሌ ደግ ሰው ነው፤ አንድ ድካም ብቻ ነበረው፣ ስብሰባ ይወዳል። እናቱ ስትሞት ሰዎች ለማስተዛዘን ቢመጡ አጀንዳ አስያዘ ይባላል። አዳራሹን ፈቀደ፤ ሁለት ነገር ግን ጨመረበት። በቀበሌው አዳራሽ የሚታይ ነገር ለሰፊው ሕዝብ መታየት አለበት፤ የታየ ነገር ደግሞ ውይይት ሊደረግበት ይገባል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ባለወፍጮው ምን መደብ ነው?» አለኝ።

«ንዑስ ከበርቴ ይመስለኛል።»

«አስተማሪውስ?»

«ተራማጅ ምሁር ነው» አልኩ። ይህንንስ ከልቤ ነው ያልኩት።

እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ሆንኩ። አማርኛ ለማይበቃቸው ደግሞ ወደ ሀዲይኛ የምትመልሰው ማርታ ሆነች፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የለመደችው ሥራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ በቀኝ በኩል ማይክራፎን ይዤ ቆምኩ። እሷ ማይክራፎን ስላልደረሳት ሀዲይኛ የሚፈልገው ሁሉ በግራ በኩል ተጠግቷት ተቀመጠ። የመስኮቱ ብርሃን እንዳይገባ ከሸማቾች ሱቅ የመጡ ብርድ ልብሶች ተሰቀሉ። ጋሽ ሄራሞ ካፖርታቸውን ለብሰው መጥተው መሃል ላይ፣ ከሁለታችን እኩል ራቅ ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ። «ሚስተር ክሪብን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው» አሉኝ፣ ሳልፍ እጄን ይዘው።

ፊልሙ ተጀመረ። ወፍጮው ታየ፣ ወንዙ ታየ፣ ሚስተር ዶብል ዱላውን ይዞ ወጣ። እኔም ድምፄን አሳምሬ አስተዋወቅኩት። እስከዚህ ድረስ ያለችውን ደስታዬን አሁንም አልረሳትም።

ከዚያ አስተማሪው መጣ።

በመጽሐፉ ሚስተር ክሪብ አጭር ነው፣ ራሰ በራ ነው፣ ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል። በሸራው ላይ የመጣው ሰው ረጅም፣ ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ፣ ጺሙን የቀመቀመና ነጭ ጓንት ያጠለቀ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ፊልሙ ከመጣ ጀምሮ ታሪኩን እኔ ነኝ ለከተማው ያወራሁት፤ ሰው ራሰ በራ ይጠብቅ ነበር። «ይህ ሚስተር ክሪብ ነው» አልኩ በማይክራፎን። «ፊልም ስለሚነሳ ነው ያጌጠው።» የቀኝ ወገን ተቀበለኝ። ፎቶ ቤት ሲሄድ የሰው ኮት ተውሶ የማያውቅ የለምና።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን በነጭ ፈረስ እየጋለበ መጣ። በመጽሐፉ ውስጥ መኮንን የለም። ፈረስም የለም፤ አንዲት አህያ ነበረች፣ እሷም እንደ ቆመች ነው የምትጨርሰው። አንድ ሰው ከኋላ «ይኼኛውስ ማነው?» አለ።

«አላፊ አግዳሚ ነው» አልኩ።

አላፊ አግዳሚው ከፈረሱ ወረደ። ወፍጮ ቤት ገባ። የኤለንን እጅ ሳመ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ፊልም ውስጥ አልወጣ አለኝ፤ እኔ ያለፈ ነው ባልኩ ቁጥር እሱ ይበልጥ ይደላደላል። በመጨረሻ «የአስተማሪው ወንድም ነው፣ ሊጠይቀው መጥቶ ነው» አልኩ። ይህን ባልኩ በደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ግቢ ወጥተው በቡጢ ተቀጣቀጡ። «የወንድማማች ጠብ ክፉ ነው» አለ ከቀኝ ወገን አንድ ልኳንዳ ነጋዴ፣ ከልቡ አዝኖ። በግራ በኩል ግን ከፍ ያለ ሳቅ ሰማሁ፤ ቡጢ ላይ የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም። ማርታን አየኋት። ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ ለሕመምተኛ መድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ሰው ታስረዳለች።

እኔ ሀዲይኛዬ ያኔ ሰላምታና ምግብ ላይ ነበር የሚቆመው። ምን እንደምትል አላውቅም። ምን እየታየ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ላቤም ያውቃል።

ጣሳው ተቀየረና የባሰው መጣ። ጓንታሙ ሚስተር ክሪብ፣ የእኔ ዋስ፣ ሽማግሌው በተኛበት ገብቶ የገንዘቡን ሳጥን አነሳ። በመስኮት ወጣ። የመኮንኑን ነጭ ፈረስ ፈትቶ ተቀመጠበት። ከኋላው ሰማዩ ጠቁሮ ወንዙ እየሞላ፣ እሱ ወደ ኋላ አንዴ እንኳ ሳያይ ወደ ለንደን ጋለበ።  ማይክራፎኑ አፌ ላይ ነው። ጋሽ ሄራሞ ወደ ሸራው ሳይሆን ወደ እኔ ነው የሚያዩት።

«ሐኪም ሊጠራ ነው» አልኩ።

የቀኝ ወገን አጨበጨበ። ከግራ ወገን አንዲት ሴትዮ አንድ ቃል ጮክ ብላ ወረወረች። ቃሉን አላውቀውም፤ ለሐኪም ጠሪ የሚባል እንዳልሆነ ግን ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ያልኩትን አሁን ሳስበው ራሴን ያመኛል። ጎርፉ መጣ። ሽማግሌውን ጎርፉ ሲወስደው የኮቱን አንገት ነክሶ ጎትቶ ያወጣው አንድ ትልቅ ውሻ ነው። በመጽሐፉ ውሻ የለም። «ሚስተር ክሪብ ከመሄዱ በፊት ያሰለጠነው ውሻ ነው» አልኩ። መጨረሻ ላይ ኤለን ነጭ ለብሳ ከመኮንኑ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመች። ቆብ ተወረወረ፣ ደወል ተደወለ። እኔ ማይክራፎኑን በሁለት እጄ ይዤ «ሚስተር ክሪብ በብርድ ስለታመመ ወንድሙ በውክልና እየፈረመለት ነው» አልኩና ፊልሙ አለቀ።

ብርድ ልብሶቹ ወረዱ፣ ብርሃን ገባ። ሰው ተነስቶ ሊወጣ ሲል ጓድ ተክሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጓዶች፣ አሁን ወደ ውይይት እንገባለን።»

መጀመሪያ የተናገረው ያ ልኳንዳ ነጋዴ ነው። የአስተማሪውን ቆራጥነት አደነቀ፤ ለሽማግሌ ብሎ በዚያ ዝናብ ሐኪም ፍለጋ መጋለቡ ለወጣቱ አርአያ ነው አለ። ከግራ ወገን ቅድም ቃል የወረወረችው ሴትዮ ተነሳች። የፎንቆ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ገበያ ላይ ማንም የማያታልላት። «ሌባ ነው እንጂ ምን አርአያ ነው? ሳጥኑን ይዞ ሲወጣ ሁላችንም አየነው» አለች። ቀኞች «ሳጥኑ ለሐኪሙ የሚከፈል ነው» አሉ። ግራዎች «ታዲያ ሐኪሙ የታለ?» አሉ። ቀኞች ውክልናውን ጠቀሱ። ግራዎች ውክልና የሚባል ነገር ጭራሽ አልሰሙም። አንዱ ሌላውን በፊልም ሰዓት ተኝተሃል እስከማለት ተደረሰ።

ጓድ ተክሌ ጠረጴዛውን መታ። «አንድ ፊልም ነው ያየነው ወይስ ሁለት?»

 ዓይን ሁሉ ወደ እኔና ወደ ማርታ ዞረ፤ ወደፊት ተጠራን። ፊት ለፊት ቆመን ስንታይ ነገ ሽማግሌ የሚላክላቸው ሰዎች ሳይሆን በግጦሽ መሬት የተካሰሱ ጎረቤታሞች እንመስል ነበር።

«ጓድ ማርታ፣ ምን ብለሽ ነው ያስተረጎምሽው?»

«ያየሁትን።»

«ጓድ መምህር፣ አንተስ?»

«ያነበብኩትን» አልኩ።

እዚህ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ሄራሞ ካሉበት ስላልተንቀሳቀሱ ፊታቸው ሙሉ ለሙሉ ይታየኛል። ስምንት ወር ሙሉ አምነውኝ ያዳመጡኝ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸውን ሰጥተውኛል። አሁን በአንድ ከሰዓት ሁለት አፍ ሲናገር ሰሙ፤ የሚዋሸው የእኔ አፍ ሆነ። አፈርኩ። ከማፈሬም ይበልጥ ፈራሁ።

ሂስ ቀረበብኝ። እኔም ግለ ሂስ አደረግኩ፤ መጽሐፉን ስለወደድኩ ነው አልኩ። ይሄኔ ነገሩ በዚያ መብቃት ሲገባው ልኳንዳ ነጋዴው እንደገና እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ መጽሐፉ ነው ቀድሞ የወጣው ወይስ ፊልሙ?» መጽሐፉ ነው ተባለ። «እንግዲያው ጥፋቱ የፊልሙ ነው። ከበላይ የመጣን መመሪያ የበታች አካል በራሱ ሥልጣን ሊለውጥ አይችልም። ራሰ በራን ሰው ባለፀጉር ያደረገው በየትኛው ደንብ ነው?» አዳራሹ ሞቀ። የፎንቆዋ ነጋዴ ደግሞ «መጽሐፉን ማን አየው? እኛ በዓይናችን ያየነው ፊልሙን ነው» አለች። ጓድ ተክሌ ፊቱ ሲበራ አየሁት። ድምፅ እንዲሰጥ አደረገ።

መጽሐፉን የሚደግፉ እጅ አወጡ። ፊልሙን የሚደግፉ እጅ አወጡ። መጽሐፉ ለጥቂት አሸነፈ። ፊልሙ በቀረበበት ሂስ መሠረት እንዲታረምና ሚስተር ክሪብ እንዲመለስ ተወሰነ፤ ውሳኔውን ለሠሪዎቹ እንዲያደርስ ለኦፕሬተሩ ኃላፊነት ተሰጠው። ኦፕሬተሩ ገመዱን እየጠቀለለ «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አለ። ምን ይበል?

«በሁለቱም እጅ ያላወጣ አንድ ሰው አለ» አለ ጓድ ተክሌ። «ጋሽ ሄራሞ፣ ለምን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ?»

ጋሽ ሄራሞ ተነሱ። «መጽሐፉ አይሄድም አለ። ፊልሙ ሄደ አለ። እኔ ሰውየውን ገና አላየሁትም» አሉና ካፖርታቸውን ቆልፈው ወጡ።

ውጭ ዝናቡ ለካ እኛ ስንከራከር አዳራሹን ከብቦት ኖሯል። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ቦይ በደህና ቀን ሕፃን የሚዘለው ነው፤ በዚያን ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ቀይ ውሃ ሆኖ ይጓዛል። ሰዉ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተደርድሮ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ ቀኞች በቀኝ፣ ግራዎች በግራ። ጋሽ ሄራሞ ብቻ ወደ ቦዩ ሄደው በየት ልሻገር ብለው ያያሉ።

እንግዲህ ሞኝነት ሰውን በየት በኩል እንደሚገባው አይታወቅም። እኔ ሮጬ ደረስኩባቸውና ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ።

«ልሸከምዎት፣ ጋሽ ሄራሞ።»

«አንተ? እኔን?»

ያኔ ክሳቴ የታወቀ ነበር፤ ተማሪዎቼ ከጠመኔው የምለየው በክራቫቴ ነው ይሉ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ሙሉ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ተው ልጄ» አሉ። አልተውም አልኩ። ሚስተር ክሪብ ሸራው ላይ ጥሎኝ ቢጋልብም እኔ መጽሐፉን አልከዳም። እምቢ ብለው ሊያሳፍሩኝ ስላልፈለጉ ይመስለኛል፣ በመጨረሻ ክንዳቸውን አንገቴ ላይ ጣል አደረጉ።

ከክፈፉ ሥር ጭብጨባ ተሰማ፤ የመጽሐፉ ደጋፊዎች ናቸው። መሃል እስክንደርስ ድረስ መጽሐፉ እያሸነፈ ነበር። መሃል ላይ የግራ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። እግሬ ሲወጣ ጫማዬ አልወጣም፤ ቁርጭምጭሚቴ ቀጭ አለ፤ ሁለታችንም ተያይዘን ውሃው ውስጥ ቁጭ አልን። ጭብጨባው በአንዴ ቆመ።

ማርታ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቦዩ ዳር መጣች። አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። «ቁርጭምጭሚቱ ነው። መርገጥ የለበትም» አለች ለአባቷ።

ጋሽ ሄራሞ ተነሱ። ካፖርታቸውን ጨመቁ። ባርኔጣቸው በውሃው ላይ እየሄደ ነበር፣ እሱን ዝም ብለው ሸኙት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡኝና ጎንበስ አሉ።

«ውጣ።»

«ኧረ አይሆንም፣ ጋሽ ሄራሞ...»

«ውጣ ብዬሃለሁ።»

ወጣሁ። ከተማው ሁሉ እያየ፣ አንድ ጫማ ይዤ፣ ነገ ልጃቸውን የምጠይቃቸው ሰው ጀርባ ላይ ተቀመጥኩ። በፊልሙ ሽማግሌውን ከጎርፍ ያወጣው ውሻው እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ለእሳቸው ግን አላነሳሁባቸውም። ከክፈፉ ሥር ማንም አላጨበጨበም። ይህ በመጽሐፉም በፊልሙም የሌለ ስለሆነ የትኛው ወገን ማጨብጨብ እንዳለበት አልታወቀም።

ጋሽ ሄራሞ ረጋ ብለው እየረገጡ፣ ወደ ፊት እያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማኋቸው።

«የዘንድሮ ዝውውር መቼ ነው የሚሞላው?»

«አልፏል። አልሞላሁም።»

«አሁን ስለተሸከምኩህ ነው እንዲህ የምትለው?»

«አይደለም። ጓደኞቼ ሲሞሉ እኔ አልሞላሁም።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ስለ ሚስተር ክሪብ ስነግርዎት የነገርኩዎት መስሎኝ ነበር» አልኩ።  ስምንት ወር ሙሉ በሌላ ሰው ስም ስለራሴ ስናገር እንደነበር ለራሴም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

 ቦዩን ጨረስን፣ ደረቅ መሬት ላይ ደረስን። እሳቸው ግን አልቆሙም፤ መንገዱን ይዘው ወደ ቤታቸው ቀጠሉ። ማርታ የቀረውን ጫማዬን ተቀብላኝ ከጎናችን ትሄዳለች።

«ጋሽ ሄራሞ፣ ተሻግረናል። ያውርዱኝ» አልኩ።

«አንዴ ከተሸከምኩህ በኋላ» አሉ፣ «ወዴት አወርድሃለሁ?»

በማግስቱ ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ እኔን እዚያው አገኙኝ፤ እግሬ በማርታ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ የጋሽ ሄራሞን ጋቢ ለብሼ ቁጭ ብዬ። ልማዱ ጠያቂው ቀርቶ ሽማግሌ ብቻ መሄድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ንግግራቸውን ከየት እንደሚጀምሩ ተቸግረው ነበር።

ፊልሙ ተመልሶ አልመጣም፤ መታረሙንም አልሰማንም። አረንጓዴዋ መጽሐፍ ግን እስካሁን ቤታችን አለች። ልጆቻችን አድገው ሲያነቧት «አያታችን ከሚነግሩን ጋር አይገናኝም» አሉኝ። አማቼ ታሪኩን በሀዲይኛ ስለሚያወሩት ከሞርሲቶ እስከ ፎንቆ የሚታወቀው የእሳቸው ነው። በእሳቸው አነጋገር ወፍጮው የለም፣ ለንደን የለም፣ ጎርፉ የሆሳዕና ነው፤ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ የመጣን አስተማሪ ተሸክሞ ያሻግራል። አሁን ሀዲይኛው ስለሚገባኝ አጠገባቸው ተቀምጬ አዳምጣለሁ፣ አላርማቸውም። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ሲያወሩት የእኔ ክብደት እየጨመረ ነው።